የእናታችን ፎቶ ከአሮጌዋ ታብሌት ሲወጣ

በዚህ ሳምንት የምንጽፍላችሁ ስለ ፎቶ ነው። የእናታችንን ፎቶ ከአንዲት አሮጌ ታብሌት አውጥተን ወደ ኮምፒዩተር እንዴት እንዳዛወርን እንነግራችኋለን። እኛ ማለት አባታችን፣ አክስታችንና እኛ ልጆቹ ነን። የምንኖረው ወሎ ውስጥ፣ ከደሴ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ ቀበሌ ነው።

ታብሌት ማለት ሰፋ ያለ ስልክ ማለት ነው። የእኛዋ አንድ ደብተር ታህላለች። ፊቷ መስታወት ነው። በጣት ሲነኳት ትሠራለች። ፎቶ ታነሣለች፤ ያነሣችውንም በሆዷ ታስቀምጣለች። ፎቶው ወረቀት ላይ የለም። ስለዚህ ታብሌቷ ከሞተች ፎቶውም አብሯት ይቀበራል። የእኛ ጭንቀት ይኸው ነበር።

ታብሌቷን የገዛችው ታላቅ እህታችን ናት። በ2005 ዓ.ም. ሪያድ ከተማ ሰው ቤት ስትሠራ ገዛቻት። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሳውዲ ዐረቢያ የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች ማስወጣት ጀመረች። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። እህታችንም ከእነሱ አንዷ ነበረች። ይዛ የመጣችው አንዲት ሻንጣ ነው። ሻንጣዋ ውስጥ አንድ ብርድ ልብስ፣ ለእናታችን የሚሆን ሻሽና ታብሌቷ ነበሩ። ሌላው ንብረቷ እዚያው ቀረ።

ከዚያ በፊት እናታችን የነበራቸው ፎቶ አንድ ብቻ ነው። እሱም የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ የተለጠፈው ጉርድ ፎቶ ነው። ማኅተሙ ግማሽ ፊታቸውን ሸፍኖታል። እህታችን ግን እንደ መጣች ሁሉን ማንሣት ጀመረች። በሬዎቹን አነሣች፤ ጎተራውን አነሣች። የጎረቤት ልጆች እየመጡ ተሰልፈው ይነሡ ነበር። እናታችን ሲነሡ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ አፋቸውን ግጥም ያደርጋሉ። «እስቲ ፈገግ በይ እማዬ» ስትላቸው፣ «ምን ተገኝቶ ነው የምስቀው?» ይሏታል።

እናታችን በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ወር ዐረፉ። እህታችን በ2010 ዓ.ም. እንደገና ወጥታ ጂዳ ገባች። ታብሌቷን ለአባታችን ትታላቸው ሄደች። በእኛ ቀበሌ መብራት የለም። አባታችን ወፍጮ ቤት ድረስ እየላኩ ኃይል ያስሞሏት ነበር። ኋላ ባትሪዋ ደከመ። ሲሞላ ቢውልም አንድ ሰዓት አይቆይም። ቀጥሎ የመሙያ ገመዷ ተበጠሰ። በቃ፣ ሣጥን ገባች።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ ቤታችንን ጥለን ወጣን። ሰው ሁሉ የቻለውን ያህል እህልና ልብስ ተሸከመ። አክስታችን ታብሌቷን በነጠላ ጠቅልለው በጉያቸው ያዙ። «ይቺ የማትሠራ ዕቃ ምን ትሆናለች?» ያላቸው ሰው ነበር። መልስ አልሰጡትም።

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የእናታችን የሰባት ዓመት ተዝካር ቀረበ። ያን ጊዜ አባታችን፣ «ፊቷን ሳላይ ተዝካሯ አይወጣም፤ ፎቶዋን አውጡልኝ» አሉ።

መጀመሪያ የሄድነው በቅርብ ከተማ ካለ አንድ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ነው። ጠጋኙ የታብሌቷን ጀርባ ከፈተ። ባትሪዋን በሌላ መሣሪያ ጥቂት ሞላት። ተነሣች! ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። ታብሌቷ ተቆልፋለች። መስታወቷ ላይ ዘጠኝ ነጥቦች ይታያሉ። ነጥቦቹን ባለቤቷ በምታውቀው መንገድ በጣት ካላገናኙ አትከፈትም። መንገዱን የምታውቀው እህታችን ብቻ ናት።

ጠጋኙ፣ «ቀላል ነው፤ ፍላሽ አደርጋታለሁ። እንደ አዲስ ትሆናለች» አለ።

ታናሽ ወንድማችን፣ «ፎቶውስ?» ብሎ ጠየቀው።

«ፎቶውማ ይጠፋል» አለ ጠጋኙ።

ወዲያው ታብሌቷን ተቀብለን ወጣን። ፍላሽ ማድረግ ማለት ሆዷን ሙልጭ አድርጎ አጥቦ እንደ ተገዛችበት ቀን መመለስ ማለት ነው። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ታብሌቷ እንድትሠራ የፈለግን መስሎታል። ግን ባንጠይቀው ኖሮ ነገሩ አልቆ ነበር። እናንተም ስልክም ሆነ ታብሌት ለጠጋኝ ስትሰጡ፣ «ውስጡ ያለው ይጠፋል ወይ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጀርባዋ ተከፍቶ ሳለ ባትሪዋንም አይተናል። አላበጠም። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ጀርባው የተነፋ ስልክ ወይም ታብሌት ካላችሁ ኃይል አትሙሉት። አትጫኑት፤ አትውጉት። ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

አንድ ጎረቤታችን፣ «በስልክ ወደ ስልክ ለምን አትልኩትም?» አለን። ነገሩ ልክ ነው፤ በአዲስ ታብሌት ቢሆን ይቻላል። የእኛዋ ታብሌት የምትሠራበት ሥርዐት አንድሮይድ 4.0 ይባላል። ይህ ሥርዐት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። መልእክትና ፎቶ የሚላክባቸው ብዙዎቹ አዳዲስ መሣሪያዎች በእንዲህ ያለ አሮጌ ሥርዐት ላይ አይሠሩም። ለምሳሌ ዋትስአፕ በአንድሮይድ 4.0 ላይ መሥራት ያቆመው ከጥቅምት 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ብሉቱዝ የሚባለው፣ ያለ ገመድ ከቅርብ ወደ ቅርብ መላኪያ፣ በእኛዋም ይሠራል። ግን በዝግታ ነው የሚልከው። የኛይቱ ታብሌት ደግሞ ከገመድ ከተላቀቀች ወዲያው ትጠፋለች። ስለዚህ የቀረው መንገድ አንድ ነው። እሱም በገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ማገናኘት ነው።

ገመዱን ለማግኘት ሁለት ጊዜ ደሴ ተመላልሰናል። የታብሌቷ የገመድ አፍ እንደ ዛሬዎቹ ስልኮች ጠባብ አይደለም። ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ በውስጡ 30 ጥቃቅን ጥርሶች አሉት። ዛሬ እንዲህ ያለ ገመድ ያለው ሱቅ ጥቂት ነው። አንዱ ባለ ሱቅ «ይሄ ድሮ ቀረ!» ብሎ ሳቀብን። በመጨረሻ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሰው አሮጌ ገመድ የሞላበት ካርቶን አወጣልን። ከዚያ ክምር ውስጥ ፈልገን ሁለት አገኘን። ሁለቱንም ገዛን። መግዛታችንም ጠቀመን። የመጀመሪያው ገመድ ኃይል ይሞላል እንጂ ፎቶ አያሳልፍም። ለምን? በእንዲህ ያለ ገመድ ውስጥ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ሁለቱ ኃይል ይወስዳሉ። ሁለቱ ደግሞ መረጃ ያመላልሳሉ። አንዳንዱ ገመድ ሲሠራ ኃይል የሚወስዱት ሁለቱ ብቻ ይገቡበታል። ወይም ሲያረጅ የመረጃዎቹ ይበጠሳሉ። ከውጭ ሲታይ ግን ሁሉም አንድ ነው።

ኮምፒዩተሩ የአጎታችን ልጅ ነው። ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። እሱ በተከራየበት ቤት ተሰበሰብን። አባታችንም አክስታችንም መጥተው ነበር። በመጀመሪያ ታብሌቷን ግድግዳ ላይ ሰክተን ሁለት ሰዓት ሞላናት። የኮምፒዩተሩ ኃይል ትንሽ ስለ ሆነ ታብሌት ቶሎ አይሞላም። ከዚያ ገመዱን ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኘን። ኮምፒዩተሩ «ጭልም» የሚል ድምፅ አሰማ። የታብሌቷ ስም ወጣ። የአጎታችን ልጅ ከፈተው። ባዶ!

አባታችን ተነሥተው ቆሙ። «ጠፋ ማለት ነው?» አሉ።

«አልጠፋም አባባ። ስለ ተቆለፈች ነው እንጂ። ቁልፏ ካልተከፈተ ለኮምፒዩተሩ ሆዷን አታሳይም» አለ ልጁ።

ጂዳ ደወልን። እህታችን ሥራ ላይ ነበረች፤ ስልኩን ያነሣችው ማታ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ የቁልፏን መንገድ ማን ያስታውሳል? እንዲያውም አምስት ጊዜ ከተሳሳቱ ታብሌቷ 30 ሴኮንድ ጠብቁ ትላለች። ብዙ ጊዜ ከተሳሳቱ ደግሞ ጨርሳ ትዘጋለች። ፈርተን ነበር። እህታችን ግን ሳቀች። አክስታችን ያን ጊዜ የጎልማሶች ትምህርት ጀምረው እንደ ነበር ታስታውሳለች። ቁልፉን ያወጣችው ከእሳቸው ደብተር ነው።

«እትዬ፣ ሀን ይጻፉበት» አለቻቸው። «የሀ ሁዋን ሀ!»

አክስታችን ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ከላይ ከግራ ጀመሩ። ወደ ታች አወረዱ፣ ወደ ቀኝ ወሰዱ፣ ወደ ላይ አወጡ። ተከፈተች።

አሁን ኮምፒዩተሩ ላይ ብዙ ፎልደር ታየ። ፎልደር ማለት እንደ ማኅደር ነው፤ በውስጡ ሌላ ነገር ይቀመጥበታል። ታብሌትም ሆነ ስልክ ያነሣውን ፎቶ የሚያስቀምጥበት ፎልደር ዲሲአይኤም ይባላል። እሱን ሲከፍቱት ካሜራ የሚባል ሌላ ፎልደር አለ። ፎቶዎቹ እዚያ ነበሩ። 386 ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ፎቶን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ለመውሰድ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ኮፒ ነው። ኮፒ ማለት ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ደብተር እንደ መቅዳት ነው። ደብተራችን ላይ ይጻፋል፤ ሰሌዳው ላይ ያለውም አይጠፋም። ሁለተኛው ካት ይባላል። ካት ችግኝ ነቅሎ ሌላ ቦታ እንደ መትከል ነው። ችግኙ መንገድ ላይ ቢወድቅ ከመደቡም የለ፣ ከማሳውም የለ። ካት ፈጣን ነው የሚል ሰው አለ። እኛ አንቀበለውም። የማይተካ ነገር በካት አይወሰድም። የአጎታችን ልጅም ኮፒ አለው።

ደግሞም ጥሩ አደረገ። ሥራው ግማሽ ሲደርስ የገመዱ አፍ ስላረጀ ላላ አለና ተላቀቀ። ታብሌቷ ድርግም አለች። ሁላችንም ዝም አልን። እንደገና ሞልተን፣ እንደገና ሀን ጽፈን አስነሣናት። ፎቶዎቹ እንዳሉ ናቸው። ከዚያ በኋላ አክስታችን የገመዱን አፍ በሁለት እጃቸው ይዘው እስኪያልቅ ድረስ ተቀመጡ። ሩብ ሰዓት ያህል ሳይንቀሳቀሱ፣ እንደ ታቦት ፊት!

ሲያልቅ ቆጠርን። ታብሌቷ ውስጥ 386፤ ኮምፒዩተሩ ውስጥ 383። ሦስት ጎደለ። የጎደሉትን ፈልገን ለብቻቸው ቀዳናቸው። ሞላ። አንዳንዱ ሰው ሳይቆጥር ከታብሌቱ ይደመስሳል። እህል እንኳ ሳይሰፈር አይረከቡም።

ቀጥሎ የሆነውን ግን አላሰብነውም ነበር። በየፎቶው ሥር ረጅም ቁጥር ተጽፏል። አክስታችን መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን ያነቡ ጀመር። አንዱ 20140107_093512 ይላል። «ይህ የምን ቁጥር ነው?» አሉ። የአጎታችን ልጅ ከፋፍሎ አሳያቸው። ታብሌቷ ለፎቶው ስም የምታወጣለት በተነሣበት ቀንና ሰዓት ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ቁጥሮች ዓመቱ ናቸው፤ 2014። ሁለቱ ወሩ፤ 01። ሁለቱ ቀኑ፤ 07። ከሰረዙ በኋላ ያለው ሰዓቱ ነው፤ 9 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ። ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከጥር እስከ መስከረም መጀመሪያ ባለው ጊዜያቸው ከዓመቱ 8 እንቀንሳለን። ከዚያ እስከ ታኅሣሣቸው መጨረሻ 7 እንቀንሳለን። ከሰዓቱ ደግሞ 6 እንቀንሳለን። ስለዚህ ያ ፎቶ የተነሣው ታኅሣሥ 29 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ከጧቱ 3 ሰዓት ከ35 ነው። «ገና ነው!» አሉ አክስታችን። እውነትም እናታችን አዲሱን ሻሽ አስረው፣ አፋቸውን ገጥመው በር ላይ ቆመዋል።

ጥቂቶቹ ፎቶዎች 20120101 ይላሉ። ያን ጊዜ እህታችን ገና አልገዛቻትም። እንዲህ የሆነው ባትሪዋ ጨርሶ ሲያልቅ ሰዓቷም ስለ ጠፋባት ነው። ስትነሣ ከዚያ ቀን ትጀምራለች። ስለዚህ ቁጥሩ ሁሉ አይታመንም፤ አጠገቡ ካሉት ጋር እያስተያዩ ማመን ነው።

ከዚያ አንድ ፎቶ መጣ። እናታችን መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ሰፌድ በእጃቸው ይዘው ይስቃሉ። ጥርሳቸው ሁሉ ይታያል። ዐይናቸው ተጨፍኗል። በአንድ ጥግ በኩል ደግሞ የሆነ ሰው አውራ ጣት ገብቶበታል። እናታችን እንዲህ ሲስቁ የሚያሳይ ሌላ ፎቶ የለም።

አባታችን ብዙ አዩት። «ይህ እህታችሁ የመጣች ጊዜ ነው። እህሉ የሰመረ ዓመት ነው። ታዲያ እንዲያ ካልሆነ እንዲህ ትስቃለች?» አሉ።

«አይደለም» አሉ አክስታችን። «የድርቁ ዓመት ነው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ።»

«በድርቁ ዓመት ማን ሳቀ?»

ክርክሩ ጠና። የአጎታችን ልጅ ቁጥሩን አሳየ፤ አክስታችን ጣታቸውን እያስኬዱ ጮክ ብለው አነበቡት። 20151128_161045። ኅዳር 18 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ10። ከእሱ በፊት ያለው ፎቶም የዚያው ቀን ነው። በእሱ ላይ ዐውድማው ይታያል። ጭዱ እንኳ አንድ እቅፍ አይሞላም።

ያ ዓመት ምን እንደ ነበር የወሎ ሰው ያውቀዋል። ኤል ኒኞ ያመጣው ድርቅ ነበር። ኤል ኒኞ ማለት የሩቁ የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከልክ በላይ ሲሞቅና የዓለምን የዝናብ ወቅት ሲያዛባ ነው። በልጉም ክረምቱም ሳይሰጥ ቀረ። በዚያን ጊዜ በአገራችን 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተነገረ። እናታችን ከዚያ ቀን በኋላ የቆዩት ስድስት ወር ብቻ ነው።

«ታዲያ ምን አሳቃት?» አሉ አባታችን ቀስ ብለው።

አክስታችን እንዲህ ብለው ነገሩን። «አንተ ያን ቀን ገበያ ሄደሃል፤ ቅዳሜ ነበር። ከዚያ ሁሉ ማሳ የወጣችውን ጤፍ አበጠርን። ሰፈርናት። አንድ ቁና ናት። ልጅቷ ደንግጣ ‹እማዬ፣ ጎተራው ውስጥ ሌላ የለም ወይ?› አለች። እህቴም ‹ጎተራውማ ባዶ ነው፤ አይጦቹ እንኳ ዐረብ አገር ሄደዋል!› ብላ በራሷ ቀልድ ሳቀች። ልጅቷም እየሳቀች አነሣቻት።»

አባታችን ለብዙ ጊዜ አልተናገሩም። እኛም አልተናገርንም።

ፎቶዎቹን በሦስት ቦታ አስቀመጥናቸው። አንዱ በአጎታችን ልጅ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። አንዱ በፍላሽ ዲስክ ላይ ነው፤ ፍላሽ ዲስክ ማለት ጣት የምታህል የመረጃ ማስቀመጫ ናት። ስሟ ቢመሳሰልም ጠጋኙ ካለው ፍላሽ ጋር አትገናኝም። እሷን አባታችን ከመሬት ደብተራቸው ጋር በሣጥን ቆልፈውባታል። ሦስተኛው ጂዳ በእህታችን ስልክ ውስጥ ነው። ታብሌቷንም አልጣልናትም፤ ግን ኃይል አንሞላትም።

ለተዝካሩ የትኛው ፎቶ ይታጠብ በሚለው እንደገና ተከራከርን። እኛ ልጆቹ የገናውን መረጥን። የክብር ፎቶ እሱ ነው፤ ነጠላው ተስተካክሏል፣ ሻሹ አዲስ ነው። አክስታችን የሳቁን አሉ። የፎቶ ቤቱ ሰው ደግሞ የግድግዳ ያህል አድርጎ ሊያሳድገው ፈልጎ ነበር። ይህን አልተቀበልንም። የታብሌቷ ካሜራ ባለ 3 ሚሊዮን ነጥብ ነው። እንዲህ ያለ ፎቶ እስከ 13 በ18 ሳንቲ ሜትር ድረስ ጥርት ብሎ ይታጠባል። ከዚያ እጅግ ከበለጠ ፊቱ እየደበዘዘ ይሄዳል።

አባታችን የሳቁን አነሡ። «ይሄ ይታጠብ» አሉ።

ያን ዕለት ማታ እህታችን ከጂዳ ደወለች። ፎቶውን በስልኳ አይታዋለች። ድምፅዋ ታፍኗል። «ያ ጥግ ላይ ያለው የኔ አውራ ጣት ነው፤ እየሳቅኩ ስለ ነበር ነው። ሲያጥቡት ይቁረጡልኝ» አለች።

«አይቆረጥም» አሉ አባታችን። «ያንቺም ፎቶ እሱ ነው።»

ፎቶው ከነአውራ ጣቱ ታጠበ።